ሙሽራዋ የምትለብሰው የት ነው?



በጥር ደብረ ማርቆስ በመኪና ጡሩምባ ትሞላለች። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ ጥምቀት አልፏል፤ ዐቢይ ጾም ገና አልያዘም። በጎጃም ደጋ ብዙው ሠርግ ከጥንት ጀምሮ የሚደገሰው በዚህች ክፍተት ነው። በእኛም የወጣቶች ኅብረት አንዲት እህት የሠርጓን ቀን ስትቆርጥ ጓደኞቿ ከብበው የሚጠይቋት የታወቀ ጥያቄ አለ፦ «የት ነው የምትለብሺው?»

ጥያቄው የመስታወትና የመብራት፣ የዋጋና የሰዓት ጉዳይ ይመስላል። በእርግጥ ያም አለበት፤ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። ነገር ግን እናቶቻችንን ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቃቸውም። ሙሽራ የምትዘጋጅበት ቦታ ከጓዳ ወደ ጸጉር ቤትና ወደ ሆቴል ክፍል እንዴት እንደ ተሻገረ፣ በመንገዱ ላይም ምን እንዳገኘንና ምን እንደ ጣልን አብረን እንድናይ እወዳለሁ። ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ ቦታውን ስመርጥ የተሳሳትኩ ስለ ሆንኩ ነው።

ዳሱና ጓዳው

ከተማችን ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ነግሠው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ ከተማዋም በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። በዚያ ዘመን በባላባት ቤትም ሆነ በገበሬ ቤት የድግሱ መጠን ይለያይ እንጂ የሠርጉ ቅርጽ ተመሳሳይ ነበር። ሠርጉ የሚከናወነው በሁለት ቦታ ነው፤ በዳስና በጓዳ።

ዳሱ የአባቶች ነው። የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ከብዙ ጊዜ በፊት መጥተው ነገሩን ጨርሰዋል። በሠርጉ ቀን ጥሎሹ በዳሱ ውስጥ ለታዳሚው ይታያል፤ ሁለቱ ወገኖች ለልጆቻቸው የሚሰጡት ከብትና ንብረት ይነገራል፤ እማኝ ይቆጠራል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሦስት ዐይነት ጋብቻ ነበረ፤ የቁርባን፣ የሰማንያና የደመወዝ። በቁርባን የተጋቡ መፋታት ስለማይፈቀድላቸው፣ ከካህናት በቀር ብዙው ሰው ወደ ቁርባን የሚሄደው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነበር። የደመወዙ ለተወሰነ ጊዜ በክፍያ የሚደረግ ነው። የብዙኃኑ ጋብቻ ግን ሰማንያ ነበር፤ በእማኞች ፊት የሚታሰር የሁለት ቤተሰብ ውል።

ጓዳው ደግሞ የሴቶች ነው። ሙሽራይቱ ከሠርጉ በፊት ባሉት ቀናት ከፀሐይና ከሥራ ትከለላለች። የእንሶስላ ሥር ተወቅጦ እጇና እግሯ ላይ ይታሰርና ቀለሙ እስኪይዝ ታድራለች። ጸጉሯ በለጋ ቅቤ ይርሳል፤ ሹሩባ ትሠራለች፤ ዐይኗን ትኳላለች። አክስቶች፣ የጎረቤት ሴቶች፣ ያገቡ እኅቶች በዙሪያዋ ናቸው። ከበሮው የሚመታው፣ ቀልዱና ለቅሶው የሚቀላቀለው እዚያ ነው። በመጨረሻም ተሸፋፍና ትወጣለች፤ ሚዜው አዝሎ በቅሎ ላይ ያስቀምጣታል። ፊቷን ያየ ታዳሚ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። ስለ ሕይወቷ የሚነገረው በዳሱ ነው፤ እሷ ያለችው በጓዳው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ግድግዳ ጭቃ የተመረገ እንጨት ስለ ሆነ ድምፁ ይሰማታል። የሚጠይቃት ግን የለም።

እናቴ በጓዳው

እናቴ የተዳረችው በ13 ዓመቷ ነው። መንደራቸው ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። ታሪኩን የነገረችኝ እኔ ራሴ ካገባሁ በኋላ፣ ቡና እያፈላች ነበር።

«ቅልቦሽ ስጫወት አክስቴ ጠራችኝ» አለችኝ። «ገላዬን አጠቡኝ፤ ጸጉሬን ሠሩኝ፤ ቅቤ ቀቡኝ። አዲስ ቀሚስ አለበሱኝ። የዓመት በዓል መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ኋላ አያቴ እጄን ይዛ ስታለቅስ ያን ጊዜ ገባኝ።»

ይህን ስትነግረኝ ተቆጣሁ። ጓዳውን ጠላሁት። እናቴ ግን ቁጣዬን አልተጋራችም። ቀጥላ እንዲህ አለች፦ «አክስቴ መቀነቴን ስታስታጥቀኝ ቆሎ ቋጠረችልኝ። በጆሮዬም ‹ልጄ፣ ከከፋሽ፣ ከመቱሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደኔ ነይ፤ በሬን አልዘጋውም› አለችኝ። ሌላው ሁሉ ጠፍቶብኛል፤ ይህችን ግን አልረሳሁም። በሁለተኛው ዓመት ሄጄባታለሁ።»

ስለዚህ የጓዳውን ታሪክ ስናወራ ሁለቱንም እንያዝ። ጓዳው ሕፃን ልጅ ሳትጠየቅ ለትዳር የምትሰናዳበት ቦታ ነበር። ለሙሽራዋ የሚያዝኑላት ሰዎች ያሉበት ብቸኛው ቦታም እሱ ነበር።

ከአባቷ ቤት የወጣችው ሰብለ ወንጌል

የጎጃምን ጋብቻ ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በላይ ለአገር ያስተዋወቀ መጽሐፍ የለም ብል የምትቃወሙኝ አይመስለኝም። ደራሲው የደብረ ማርቆስ አካባቢ ልጅ ናቸው፤ ልቦለዱ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። አባቷ በዘር ሐረግ የሚመጥናት ባል ሲያማርጡ ዕድሜዋ ያልፋል። እሷ ግን ልቧን ለአስተማሪዋ ለበዛብህ ሰጥታለች፤ በዛብህ ደግሞ የድኻ ልጅ ነው።

በዚያ ትልቅ ቤት የሙሽራ ልብስ የሚገዛበት ገንዘብ ሞልቷል፤ የሚያለብሷትም አገልጋዮች አሉ። የሷ ፈቃድ ግን ቦታ የለውም። በመጨረሻ ሰብለ ከአባቷ ቤት የምትወጣው የሙሽራ ልብስ ለብሳ አይደለም፤ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ ራሷን ሰውራ ነው። ባለጸጋው ቤት ለልጁ ያልሰጣት አንድ ነገር ቢኖር ወደምትወደው ሰው ለመሄድ በእናት በአባቷ ፊት የምትለብስበት ስፍራ ነው። መጽሐፉን ያላነበባችሁ አንብቡት፤ ያነበባችሁም በዚህ ዐይን አንድ ጊዜ ድገሙት።

ሕጉ ወደ ጓዳው ሲገባ

የአገራችን ሕግ ወደ ጓዳው የገባው ቀስ እያለ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 አደረገው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ዕድሜውን ለሁለቱም 18 አደረገው። የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አወጣ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 648 ያለ ዕድሜ ጋብቻ የሚፈጽመውን ሰው ይቀጣል፤ ልጅቱ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እስራት።

ሕግ ብቻውን ግን በር አይከፍትም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ግማሾቹ 17.1 ዓመት ሳይሞላቸው አግብተዋል፤ በአማራ ክልል ቁጥሩ ከዚህም ያነሰ ነው። በጓዳው ላይ ሌላ ዐይነት ለውጥ ያሳየን ብርሃነ ሔዋን የተባለው ፕሮግራም ነው። ሞሴቦ በተባለች የክልላችን የገጠር መንደር በ1996 ዓ.ም. ተጀመረ። ልጃገረዶች በቡድን ይሰበሰቡ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ያሉት እንዲቀጥሉ ይረዱ ነበር፤ በፕሮግራሙ ሁለት ዓመት ሳይዳሩ የቆዩ ልጆች ቤተሰብም ስጦታ ይሰጠው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተደረገው ግምገማ በተለይ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች መካከል ያለ ዕድሜ ጋብቻ በእጅጉ ቀንሶ ተገኘ። ልጃገረድ ሌላ የምትሰበሰብበት ስፍራና የሚጠብቃት ጓደኛ ስታገኝ ጓዳው ይቆያታል ማለት ነው።

ጸጉር ቤቱና እኔ

ዛሬ ለብዙዎቻችሁ ምርጫው ሰፍቷል። ጸጉር ቤት አለ፤ የሆቴል ክፍል አለ፤ የጓደኛ ቤት አለ። ቀሚሱም ተለውጧል። «ቬሎ» የምንለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ዓይነ ርግብ ማለት ነው። ነጭ የሙሽራ ቀሚስ በአውሮፓም ቢሆን የገነነው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1840 እ.ኤ.አ. ነጭ ለብሳ ካገባች በኋላ ነው። ስለዚህ ቬሎ የግድ መንፈሳዊ ነው፣ የአገር ቀሚስ ደግሞ ኋላ ቀር ነው የሚል ካለ በታሪክ አልተደገፈም። ሁለቱም ልብስ ናቸው።

እኔ ያገባሁት ከኮሌጅ ከወጣሁ በኋላ ነው። ፈቅጄ፣ ወድጄ፣ በእናትና በአባቴ እውቅና ነው ያገባሁት። እናቴ በ13 ዓመቷ ያላገኘችውን ሁሉ አግኝቻለሁ። እናቴ ግን የኦርቶዶክስ ምእመን ናት፤ እኔ ወደ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ከመጣሁ በኋላም በመካከላችን ፍቅር አልቀነሰም። ስለ ሠርጌ ስናወራ በግልጽ ነገረችኝ፦ «ልጄ፣ እመርቅሻለሁ፤ ከአዳራሻችሁ ግን አልገባም፤ አታስጨንቂኝ።» እኔም አላስጨነቅኳትም።

ከዚያ የሠራሁትን ስሙ። ሁለት ጓደኞቼ አንድ ጸጉር ቤት መረጡልኝ። መስታወቱ ትልቅ ነው፤ ፎቶ አንሺውም መብራቱን ወዶታል። የቤታችን ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው በጢስ ጠቁሯል። በፎቶ እንዲታይ አልፈለግኩም። ስለዚህ ዋዜማውን ከጸጉር ቤቱ አጠገብ ካለች ጓደኛዬ ቤት አደርኩ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቼ ገባሁ። ጸጉሬ ተጀምሮ ሳያልቅ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። ሰው በሞባይል መብራት ከበበኝ። ከአዳራሹ የደረስኩት አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቼ ነው፤ መዘምራኑ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምረዋል። ይህ ግን ይረሳል፤ ዛሬ እንስቅበታለን።

የማይረሳኝ ሌላው ነው። በመልሱ ቀን ታናሽ እህቴ ነገረችኝ። እናቴ በዋዜማው እንሶስላ አዘጋጅታ፣ ቤቱን አጥና፣ እስከ እኩለ ሌሊት ትመጣለች ብላ ጠብቃኛለች። ማታ እንደማልመጣ የነገራት ሰው አልነበረም፤ እያንዳንዳችን ሌላው ነግሯታል ብለን አስበን ነበር። እናቴን ይቅርታ ስጠይቃት አልተቆጣችም። «ልጄ፣ አገር ሁሉ ሙሽራ ሆነሽ አየሽ፤ እኔ ብቻ ሳላይሽ ሄድሽ» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። እናቴ በአዳራሹ እንደማትገኝ አውቃለሁ። እንግዲህ ከሠርጌ ውስጥ ለሷ ክፍት የነበረው ብቸኛው ቦታ የምለብስበት ክፍል ነበር። ያንን ክፍል በመስታወት ለወጥኩት።

ርብቃና አስቴር

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሙሽራ ዝግጅት የሚያስተምር ሁለት ታሪክ አለው። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቧቸው።

በመጽሐፈ አስቴር ምዕራፍ 2 ያሉት ቆነጃጅት 12 ወር ተዘጋጅተዋል፤ 6 ወር በከርቤ ዘይት፣ 6 ወር በሽቱ። ከዚያ የበለጠ የውበት ዝግጅት የትም አይገኝም። ቦታው የንጉሥ ቤት ነው፤ ጠባቂም አለው። ግን የተሰበሰቡት በንጉሥ አዋጅ ነው፤ አስቴርን ያሳደጋት መርዶክዮስም ደኅንነቷን ለማወቅ በሴቶቹ ቤት አደባባይ ፊት በየቀኑ ይመላለስ ነበር እንጂ አልገባም።

በዘፍጥረት 24 ያለችው ርብቃ ደግሞ የተዘጋጀችው በእናቷ ቤት ነው። በአንድ ሌሊት ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ቤተሰቦቿ ጠርተው ከሰውየው ጋር ለመሄድ ትፈቅድ እንደ ሆነ ጠየቋት፤ ፈቀደች። መረቋት፤ ሞግዚቷም አብራት ሄደች።

የአስቴር ክፍል ያማረ ነበር፤ ጥያቄ ግን አልነበረበትም፤ ያሳደጋትም ሰው ከውጭ ቀርቷል። በርብቃ ቤት ጥያቄ ነበረ፤ ምርቃት ነበረ፤ ያሳደገቻትም ሴት ከጎኗ ነበረች። አያቶቻችን ጓዳውን ነበራቸው፤ ጥያቄውን ግን አላገኙም። እኛ ጥያቄውን አግኝተናል፤ ጓዳውን ግን እየተውነው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ እንደሚቻል ግን ርብቃ ታሳየናለች።

እንግዲህ የት እንልበስ?

እህቴ ሆይ፣ ቦታ ስትመርጪ መስታወቱን ከማየትሽ በፊት ይህን ጠይቂ፦ «ወደዚህ ክፍል ማን መግባት ይችላል?» እናትሽ ሳታፍር ትገባለች? ከገጠር በነጠላና በጫማ አቧራ የመጣችው አክስትሽ «ቆይ፣ ውጭ ጠብቂ» ሳትባል ትቀመጣለች? አብራሽ የምትጸልይ እህት ቦታ አላት? ቤተሰብሽ በእምነት ከአንቺ የተለየ ከሆነና ወደ አዳራሹ የማይመጣ ከሆነ፣ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል። እምነትሽን ሳትቀንሺ ለእናትሽ የምትሰጫት ጠዋት ይህ ነው።

ቤት መልበስ ካልተቻለ፣ ለምሳሌ ቤቱ ሩቅ ከሆነ ወይም ቤተሰብሽ በርግጥ ካልፈቀደ፣ ጸጉር ቤት ወይም የምእመናን ቤት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን በዋዜማው ሄደሽ ከናትሽ ጋር እደሪ፤ ወይም ጸጉርሽን ጸጉር ቤት ተሠርተሽ ቀሚሱን ቤት ልበሺ። ብዙ ጸጉር ሠሪዎች ሲጠየቁ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ደጁን የሚያልፈው ቀን አንድ ነው፤ ሁለት ቦታ መከፈሉ አይጎዳም።

ቀጥሎ ተግባራዊውን ጉዳይ እንመልከት። የጥር ጠዋት በደብረ ማርቆስ ውርጭ ነው፤ እርጥብ ጸጉርና ክፍት ትከሻ ያለው ቀሚስ ከውርጭ ጋር አይስማማም፤ ክፍሉ ይሙቅ። መብራት እንደሚጠፋ አስቢ፤ መስኮቱ ሰፊ ሆኖ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ክፍል ከጄኔሬተር ይሻላል። ውኃ በበርሜል ይቀዳ። ቦታው ከአዳራሹ ምን ያህል እንደሚርቅ በሠርጉ ሰዓት በመኪና ሄደሽ ለኪ። ዋጋውን ከመያዝሽ በፊት አስቢ፤ ለሁለት ሰዓት ክፍል ብለሽ የተበደርሽውን በትዳራችሁ የመጀመሪያ ዓመት የምትከፍሉት ሁለታችሁ ናችሁ። ደግሞም ማን እንደሚመጣና የት እንደምትለብሺ ለእናትሽ ራስሽ ንገሪያት፤ በሰው አትላኪባት። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው ለበርበሬ ብቻ አይደለም።

ወንድሜ ሆይ፣ አንተም አለህበት። ብዙ ጊዜ ሆቴሉን የሚፈልገው የሚዜዎቹ ወሬ ነው። እጮኛህ በጭቃ ግድግዳ ቤት ልልበስ ብትልህ ደስ ይበልህ፤ ቤቱን ከጓደኞችህ ጋር ሄደህ ቀባላቸው። ግድግዳ በሁለት ቀን ይቀባል። እኔ ይህን ያሰበልኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላሰብኩትም።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ አገባች። የለበሰችው በእናታችን ቤት፣ በዚያው በጠባቡ ክፍል ነው። ግድግዳውን ነጭ ኖራ ቀባነው። እናታችን በዋዜማው እንሶስላውን በእጇ አሰረችላት፤ ጠዋት ደግሞ የቬሎውን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆለፈችላት፤ ብዙ ስለ ነበር ጊዜ ወሰደባት፤ ማንም አላጣደፋትም። ጨርሳም በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። ምን እንዳለቻት አልጠየቅኩም፤ የአክስቷን ቃል እንደ ሆነ ግን እጠረጥራለሁ። ከዚያ እስከ ደጁ ሸኘቻት፤ መኪናውም ተነሣ።

ለቡድን ውይይት

1. እናታችሁ ወይም አያታችሁ ያገቡበትን ቀን ጠይቋቸው። ያዘጋጇቸው እነማን ነበሩ? ማን ጠየቃቸው?

2. በእምነት የተለያየ ቤተሰብ ባለበት ሠርግ፣ የትኛው የሠርጉ ክፍል ለሁሉም ክፍት ሊሆን ይችላል?

3. በሰፈራችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ሳትጠየቅ የምትዳር ልጅ እንዳለች ብትሰሙ፣ ቡድናችሁ ለማን ይናገራል? በሯንስ የማይዘጋባት ማን ይሆናል?